አጥሚት ገንፍሎ ስቶቩ ውስጥ ገባ፣ አሁን ብሬከሩን ይጥላል። ምን ላድርግ?

የአራስ እህት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ወልዳ እኔ ጋ ነው የታረሰችው፣ ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው። ትናንት ጠዋት አጥሚት ጥጄ ሕፃኑ ሲያለቅስ ላነሳው ገባሁ። አባብዬው ስመለስ አጥሚቱ ገንፍሎ ስቶቩን አልብሶታል። ስኳርም ቅቤም ያለበት ነው፣ እንዴት እንደሚጣበቅ ታውቁታላችሁ።

ስቶቩ ባለ 4 ነው፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ፣ ከታች ኦቭን አለው። የገነፈለው ከፊት በስተቀኝ ያለው ላይ ነው። በፕሌቱ ዙሪያ ገብቷል፣ በማዞሪያዎቹ በኩልም ወደ ውስጥ ወርዷል። ቶሎ አጠፋሁትና በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ስጠርግ ጠርዙ ነዘረኝ። ብዙ አይደለም፣ ጉንዳን እንደነከሰኝ ዓይነት።

ማታ የኋላውን ስከፍት ይሠራል። የገነፈለበትን ስከፍተው ግን "ጧ!" አለና የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ። ብሬከሩን መለስኩት፣ ደግሞ ጣለው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ (አትቆጡኝ)። በሦስተኛው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ስቶቩ የአከራዬ ነው፣ ጭንቀቴም እሱ ነው። ተቃጥሏል ማለት ነው? ጎረቤቴ "ሁለት ቀን ተይው፣ ራሱ ይደርቃል" አለችኝ።

ሚጣ

እንኳን ማርያም ማረቻት! እህቴ ከሁሉ በፊት ፕላጉን ከሶኬቱ ንቀይው። በማዞሪያው አጥፍቼዋለሁ ብለሽ እንዳትተዪው። ደግሞ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርጂ፣ ከዚያ ንቀዪ። የኋላው ይሠራል ብለሽም እንዳትጠቀሚበት፣ ሁሉም አንድ አካል ላይ ነው ያሉት።

የእኔ ባለፈው ዓመት ሻይ ፈስሶበት ነው። ማዞሪያዎቹን ነቅዬ በፀጉር ማድረቂያ ፎን ግማሽ ቀን ነፋሁበት፣ በማግስቱ ሠራ። ግን የኔ ስኳር የሌለው ሻይ ነበር።

ፈጣን መፍትሔ

ብሬከሩ ደክሞ ነው፣ እኛም ቤት እንደዚያ ነበር። ባለ 16 አምፒሩን አውጥተሽ ባለ 32 አስገቢበት። አለቀ። ከዚያ በኋላ ጥሎብን አያውቅም።

ሽቦ ነካሽ

ወንድሜ፣ እባክህ ይሄን ምክር ለሰው አትስጥ። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ለ16 የተሰላ ሆኖ ብሬከሩ 32 ከሆነ፣ ሽቦው ግሎ ልባሱ እስኪቀልጥ ድረስ ብሬከሩ ቁጭ ብሎ ያያል። "ጥሎብን አያውቅም" ያልከው እኮ ጥሩ ዜና አይደለም። ዛሬውኑ ወደ 16 መልሰው።

አሁን ወደ ጠያቂዋ። እህቴ፣ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልርዘምብሽ። የነገርሽን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ብሬከሩ መጣሉ፣ ሁለተኛው መንዘሩ። አንቺ የጨነቀሽ የመጀመሪያው ነው፣ እኔን ያስፈራኝ ግን ሁለተኛው።

ነዘረሽ ማለት ኮረንቲው ወደ ስቶቩ አካል ወጥቷል ማለት ነው። ኤርዝ ቢኖረው በኤርዝ ሽቦው ወደ መሬት ይሄድ ነበር እንጂ አንቺን መንገድ አያደርግም። ስለዚህ ኤርዝ የለውም ወይም ተበጥሷል። ብዙ ቤት ገብቼ ያየሁት ነው፣ ሶኬቱ ከፊት ሲታይ የኤርዙ ብረት ግራና ቀኝ ቁጭ ብሏል፣ ሲፈታ ግን ከጀርባው ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ አልታሰረም። አንዳንዱ ደግሞ ፕላጉ አልገባለት ሲል ቆርጦ ባለ ሁለት እግር ያስርበታል። ትናንት ቀለል ያለልሽ ነጠላ ጫማ አድርገሽ ይሆናል። በባዶ እግርሽ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ቆመሽ ቢሆን እንዲህ አናወራም ነበር።

ወደ ብሬከሩ ስንመጣ፣ ተራው ብሬከር የሚጥለው ኮረንቲው ሲበዛ ብቻ ነው። ወደ አካሉ የሚፈስ ትንሽ ኮረንቲ አይሰማውም። ያንን የሚይዘው ሌላ ዓይነት ነው፣ ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ ያለው፣ ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊ አምፒር ተብሎ የተጻፈበት። እሱ ቤትሽ ቢኖር ኖሮ ገና ስትነኪው ሊጥል ይችል ነበር። የአንቺ ተራው ይመስለኛል፣ እሱ "ጧ" ብሎ ከጣለ ደግሞ ውስጥ እውነተኛ ሾርት አለ፣ ማለትም ኮረንቲው በማይገባው አቋራጭ እያለፈ ነው።

የት ነው ካልሽኝ፣ ከፕሌቱ ይልቅ ስዊቹን እጠረጥራለሁ። ማዞሪያውን ስትነቅዪው ዘንግ ታገኛለሽ፣ ዘንጉን ይዞ የወረደ ነገር ሁሉ የሚያርፈው ስዊቹ ላይ ነው። እንደዚህ ዓይነት ፕሌት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ረዚስታንስ (የሚግለው ሽቦ) አለ። ስዊቹ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሁለቱን፣ አንዴ ሦስቱንም እያገናኘ ነው ከ1 እስከ 6 የሚያሞቀው። በኮንታክቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ውሃ ቢገባበት ይደርቃል። የአጥሚት ውሃው ይደርቃል እንጂ ስኳሩና ዱቄቱ እዚያው ይቀራል፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ይከስላል፣ የከሰለው ደግሞ ራሱ ኮረንቲ ያሳልፋል። ሦስት ጊዜ ስትሞክሪ ሦስት ጊዜ አክስለሽዋል ማለት ነው (አልተቆጣሁም)። ጎረቤትሽ ለውሃ ቢሆን እውነቷን ነው፣ ለአጥሚት ግን አይሠራም።

ፕሌቱም ቢሆን እርጥበት ሳይጠጣ አይቀርም። ረዚስታንሱን ከብረቱ የሚለየው ዱቄት ማግኒዚየም ኦክሳይድ አለበት፣ እሱ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የተቀመጠ ስቶቭ መጀመሪያ ሲከፈት የሚነዝረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ደግነቱ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ግን ኤርዙ ሳይስተካከል አታሙቂው።

ባለሙያ ጥሪ። ሲመጣ ሦስት ነገር አሠሪው፦ ስዊቹን አውጥቶ ይየው፣ በቴስተር የፕሌቱን እግሮች ከአካሉ ጋር ይለካ (ምንም ንባብ መኖር የለበትም)፣ ሶኬቱን ፈትቶ ኤርዙን ያሳይሽ። ዋናው ሦስተኛው ነው፣ እሱን ሳያደርግ እንዳትሸኚው።

ሚጣ

ሽቦ ነካሽ፣ እኔም ሶኬቴን ሄጄ ላየው ነው። አስፈራኸኝ።

እትዬ

ልጄ፣ ስለ ኮረንቲው ወንድምሽ ተናግሯል። እኔ ስለ ጽዳቱ ልንገርሽ። የደረቀውን አጥሚት በቢላ አትፋቂው። ተነቅሎ ቀዝቅዞ ሳለ ጨርቅ በሙቅ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ነክረሽ በደንብ ጨምቂና ላዩ ላይ አንጥፊው፣ ግማሽ ሰዓት ተይው፣ ራሱ ይለቃል። እምቢ ላለው ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ ቀቢው፣ ኋላ አቼቶ በነካ ጨርቅ ጥረጊው። ታዲያ ጨርቁ ጠብ የሚል አይሁን፣ ማዞሪያው አካባቢ ደግሞ በረኪናም ምንም እንዳታፈሺ።

የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። የኔ ምድጃ የተሰነጠቀው በዚያ ነው፣ በገዛ እጄ። ጥቁሩ ፕሌት ከታጠበ በኋላ ደግሞ ይዝጋል፣ ስለዚህ ሲሠራልሽ ትንሽ አሙቂውና አጥፍተሽ ነቅለሽ፣ ለብ እንዳለ በዘይት የነካ ጨርቅ እሺው። መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ይጨሳል፣ አትደንግጪ።

እስኪሠራ ድረስ ለአራሷ በምን ትሠሪላታለሽ? ጎረቤት አለ አይደል?

ቨርጂኒያ ያለሁት

ጥያቄው ውስጥ ልግባና፣ የኔ ላዩ መስታወት የሆነው ነው። ለመስቀል ወጥ ስሠራ ሳይሆን ለልጆቹ ካራሜል ሳቀልጥ ፈሰሰብኝ። ቀዝቅዞ ሳነሳው የመስታወቱን ቆዳ ይዞ ተነሣ፣ አሁን ትናንሽ ጉድጓድ አለው። የሚድን ነገር አለው?

ሽቦ ነካሽ

ጉድጓዱ አይመለስም። ስኳር ሲቀዘቅዝ መስታወቱን ይዞ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ከሌላው ነገር ሁሉ በተለየ ስኳር የሚነሣው በትኩሱ ነው። አጥፍተሽ፣ እጅሽን በወፍራም ጓንት ሸፍነሽ፣ ለመስታወት ምድጃ በሚሸጠው ምላጭ ባለው መፋቂያ ጋደም አድርገሽ ወደ ቀዝቃዛው በኩል መግፋት። ጉድጓድ ብቻ ከሆነ ይሠራል። ስንጥቅ ካየሽ ግን አትክፈቺው፣ ቀጥሎ የሚፈሰው ነገር በስንጥቁ ገብቶ ኮረንቲው ጋ ይደርሳል። እናንተ ጋ ደግሞ ስቶቩ የሚሠራው በ240 ቮልት ነው፣ ብሬከሩም ጥንድ ነው፣ ስታጠፊ ሁለቱም መውረዳቸውን እዪ።

ኮተቤ

በጋዝ የምትጠቀሙ አትሳቁ፣ እኛም አለብን። ሽሮ ገንፍሎ የበርነሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ካጠቆረ እሱ ነው። ሲሊንደሩን ዘግታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አንሥታችሁ ቀዳዳውን በመርፌ ክፈቱ፣ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። መሐል ያለችውን ትንሿን የጋዝ መውጫ ግን በመርፌ አትጎርጉሯት፣ ከሰፋች እሳቱ ይበላሻል። ገንፍሎ እሳቱ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ጋዙን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ መብራት እንዳትነኩ።

የአራስ እህት (ጠያቂ)

ከአራት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም ይስጥልኝ።

ባለሙያ መጣ። ሽቦ ነካሽ ያለው ነው የሆነው፣ ስዊቹን አውጥቶ ሲያሳየኝ በአንድ በኩል ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩም ቀልጧል። አጥሚቱ እዚያው ላይ እንደ ሙጫ ደርቋል። መጀመሪያ "ጠርጌ እመልሰዋለሁ" ብሎኝ ነበር፣ የከሰለውን ኮረንቲ ያሳልፋል ስለው ቀና ብሎ አየኝ። በአዲስ ተቀየረ። ስዊቹ ከአንድ ኪሎ ቅቤ ዋጋ በታች ነው የወጣው፣ እኔ አዲስ ስቶቭ ልገዛ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ፕሌቱን ሲለካው በትንሹ ወደ አካሉ ያሳልፍ ነበር። ለይቶ አስቀመጠውና ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልነው። ዛሬ መጥቶ ገጠመው፣ ኤርዙ ከታሰረ በኋላ 1 ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አሞቀው፣ አቀዝቅዞ ደግሞ ለካ። አሁን ንጹሕ ነው።

ሶኬቱ! ሲፈታ የኤርዙ ሽቦ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማንም አላሰረውም። ሦስት ዓመት ነው እዚህ ቤት የኖርኩት።

አከራዬን ደውዬ ነገርኳት። ስለ ስቶቩ ምንም አላለችም፣ ስለ ኤርዙ ስነግራት ግን ዝም አለችና "የሌሎቹንም ሶኬቶች አሳዪልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ" አለች። እትዬ፣ አራሷ በጎረቤት ምድጃ አጥሚቷን ጠጥታለች፣ ሁለት ቀን ይደርቃል ያለችኝ ጎረቤቴ ናት የሠራችላት።

ሚጣ

እልልል! ስዊቹን ስትገዢ ምን ብለሽ ጠየቅሽ? የኔም አንዱ 3 ላይ አይሠራም።

የአራስ እህት (ጠያቂ)

አሮጌውን ይዤ ነው መርካቶ የሄድኩት። ባለሙያው እንዲህ አለኝ፦ የእግሮቹ ቁጥርና አቀማመጥ፣ የዘንጉ ርዝመትና በየትኛው በኩል ጠፍጣፋ እንደሆነ መግጠም አለበት። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ዘንጉ አጭር ነበር፣ ማዞሪያው አልያዘውም።

ሽቦ ነካሽ

ሚጣ፣ ከመፍታትሽ በፊት ሽቦዎቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸው። ሶኬትሽንስ አየሽው?

ሚጣ

አየሁት። ነገ ባለሙያ ይመጣል።