«ትከሻው ሪዲውስ ተደርጓል» ምን ማለት ነው?

የከዚራዋ፦ ሰላም ለቤቱ። የወንድሜ ልጅ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሜዳ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ታክሞ ሲወጣ የሰጡት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ለእናቴ እያነበብኩላት «ሪዲውስ ተደርጓል» የሚለው ላይ ስደርስ ያዘኝ። እኔ የማውቀው ሪዲውስ መቀነስ ነው። «ምኑን ነው የቀነሱት? አጥንቱን ቆረጡት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ልጁ ደህና ነው፣ እጁንም ያንቀሳቅሳል። በአማርኛ ምን ልበላት?

ሸሚን ደፌር፦ ልጄ፣ እናትሽን አረጋጊልኝ። የተቆረጠ ነገር የለም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ሬ» ወደ ኋላ፣ «ዱኬሬ» መምራት። ሲጋጠም መልሶ ማምጣት ይሆናል። መቀነስ የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው። እኛ ባቡር ጣቢያ ያደግን ሰዎች በፈረንሳይኛው ነው የምናውቀው። ፈረንሳዮች የተሰበረ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ «ሬዱክሲዮን» ይላሉ። ሱቅ ላይ የዋጋ ቅናሽ ሲለጥፉም ቃሉ ያው ነው።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን መለሱልኝ። «ቲቸር፣ አቶም ኤሌክትሮን እየተጨመረለት እንዴት ሪዲውስ ሆነ ይባላል?» ይሉኛል። ነገሩ ከኤሌክትሮን በፊት የተጀመረ ነው። ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ማዕድን አቅላጮች ግን ከዚያ በፊት ድንጋዩን ወደ ብረትነቱ «መለስነው» ይሉ ነበር። የብረት ማዕድን ከከሰል ጋር ሲጋል ኦክስጅኑ ይወጣና ብረቱ ይቀራል። ሒሳብም ላይ እንዲሁ ነው። 6/8ን 3/4 ስናደርገው ዋጋው አይቀንስም። «አቃልሉ» የምንለው ለዚህ ነው። ወጥ ቤት ስንገባ ደግሞ ማንም «መረቁን ቀንሺው» አይልም፤ «መጠጥ እስኪል ተይው» ነው የሚባለው። ለአንዱ የእንግሊዝኛ ቃል እኛ ስንት ቃል አለን!

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ላቲኑን እናቆየውና ወደ ራሳችን እንምጣ። «አነሰ» ከግእዙ «ንእሰ» ነው። ታናሽም፣ ንኡስም ከዚያው ናቸው። «ንዑስ» ብላችሁ በዐይኑ «ዐ» የምትጽፉ፣ እባካችሁ ታረሙ። በአልፋው «አ» ነው። «ቀነሰ»ም ከዚሁ ሥር ቀ ተጨምሮበት የወጣ ይመስለኛል።

ጀጎል፦ ኧረ አቦ! መምህር፣ ቀ መነሻ ሆኖ ግስ ላይ ሲጨመር የት ታይቷል? አ አለ፣ ተ አለ፣ አስ አለ። ቀ ግን የለም። ቀ-ነ-ሰ ራሱን የቻለ ሥር ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ወንድሜ፣ ግስ የወረድኩት የኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ነው። ሁለቱ ቃላት በትርጉም ይህን ያህል ከተቀራረቡ ሥራቸውም ሊቀራረብ ይችላል።

ጀጎል፦ ትርጉማቸውም እኮ አይገናኝም። ቀፊራ ገበያ ሄደህ ሴትየዋን «ቀንሺልኝ» ትላታለህ። «አሳንሺልኝ» ብትላት ዞር ብላ ታይሃለች። «ቀነሱኝ» ያለ ሰው ከሥራ ወጥቷል። «አሳነሱኝ» ያለ ግን ተንቋል፤ ደሞዙ ላይነካ ይችላል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ይህንስ እቀበላለሁ። ዮሐንስ 3፥30 ላይ «እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል» ይላል። «ልቀንስ» ቢል ኖሮ የክብሩ ነገር ይጠፋ ነበር። ተቃራኒያቸውን እዩት። የላቀ ተቃራኒ አነሰ ነው። የጨመረ፣ ቀነሰ። የሞላ፣ ጎደለ። ሦስቱ አይለዋወጡም።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ አነሰ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አለመብቃትም አለበት። «ጨው አንሶታል» ስንል ከላዩ የተነሳ ጨው የለም፤ መጀመሪያውኑ አልበቃም። «ጨው ቀነሰ» ካልን ግን በፊት ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ቀነሰ ትናንትን ይጠይቃል፣ አነሰ የሚያስፈልገውን።

ጀጎል፦ እሱ ነው! ለዚህ ነው የድሬን ሙቀት «ቀነሰ» እንጂ «አነሰ» የማንለው። በረድ ሲል ደስ ይለናል እንጂ ሙቀት አንሶን አያውቅም።

የከዚራዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። እናቴ ግን አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ «ታዲያ ምን አሉ?» ትለኛለች።

ሸሚን ደፌር፦ «የወለቀው ትከሻ ወደ ቦታው ገብቷል» በያት። ወጌሻም እንዲሁ ነው የሚለው፣ ወዲያው ይገባታል። ሐኪሙ የቀጠረው ቀን እንዳያልፋችሁ ብቻ።

ጀጎል፦ ጋሼ፣ «ገብቷል» ካልን ራሱ የገባ አይመስልም? «ተመልሷል» ይሻላል፤ የመለሰው ሰው አለ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ «ተመልሷል» ካላችሁ ግን የግእዙን «ገብአ» ተመልከቱ። እዚያ ገባም ተመለሰም አንድ ግስ ነው። የ«ንኡስ»ን ነገርም ማንም አልመለሰልኝም።