በተራራ ግርጌ የክረምት ነፋስ፦ ትንበያው 35 ይላል፣ የሚመታው 100 ነው። ለምን?

ግርጌ_ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ስል የዝናቡን ሳይሆን ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን የብርድና የበረዶ ወቅት ማለቴ ነው። ቦታው ከተራራ ሰንሰለት ሥር ነው፤ ነፋሱ ከማዶ ተነስቶ አናቱን ተሻግሮ ቁልቁል ይወርዳል። የስልክ ትንበያ «ነፋስ 35 ኪ.ሜ. በሰዓት» ይላል። ውጭ ግን ለአምስት ደቂቃ ጸጥ ይልና ሳይታሰብ 90 እና 100 ይመታል፤ ከዚያ ደግሞ ጸጥ። አንዳንዴ ከዜሮ በታች የነበረው ብርድ ነፋሱ ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይለዝባል።

መንስኤው ምንድን ነው? ከአንድ ቀን በፊት በምን ይታወቃል? የቆርቆሮ ጣሪያስ መነቀል የሚጀምረው ከየት በኩል ነው?

---

ባሮሜትር

ትንበያው አልዋሸም፤ እርስዎ ያዩት ሌላ ቁጥር ነው። «ነፋስ» ተብሎ የሚጻፈው አማካይ ነው። በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት አሠራር ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የሚለካ የ10 ደቂቃ አማካይ ማለት ነው። ጣሪያ የሚነቅለው ግን ጋስት የሚባለው፣ ለ3 ሰከንድ ያህል የሚቆየው ድንገተኛ ምት ነው። በገላጣ ሜዳ ላይ ጋስት የአማካዩን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከተራራ ጀርባ ግን ሁለት እጥፍን ማለፉ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ መተግበሪያው ላይ «ጋስት» የሚለውን መስመር ፈልገው እሱን ያንብቡ፤ አማካዩ ለግርጌ ነዋሪ ብዙም አይጠቅምም።

መንስኤው እንዲህ ነው። በክረምት ከተራራው አናት ትንሽ ከፍ ብሎ የተረጋጋ የአየር ንብርብር ይቀመጣል፤ ከሥሩ ቀዝቃዛ፣ ከላዩ ሞቅ ያለ፣ እንደ ድስት ክዳን። ነፋሱ በአናቱና በክዳኑ መካከል ተጨምቆ ያልፍና በወዲህኛው ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል። ከግድብ አፍ ላይ የሚወርድ ውሃ አስቡ፦ በቁልቁለቱ ላይ ስስና ፈጣን ነው፤ ሥሩ ሲደርስ በድንገት ይቆምና ሽቅብ እየተነሳ አረፋ ይደፍቃል። አየሩም እንደዚያው ነው። ያ የሚናወጠው ቦታ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ወደፊትና ወደኋላ ይዋልላል። ወደ ሜዳው ገፋ ሲል የእርስዎ ሰፈር ፈጣኑ ፍሰት ውስጥ ይገባል፤ ወደ ተራራው ሲመለስ ጸጥ ይላል፣ አልፎ አልፎም ነፋሱ አቅጣጫውን ገልብጦ ወደ ተራራው ይነፍሳል። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ደረቅ አየር በየ1000 ሜትሩ ሲወርድ 10 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ደመና ሠርቶ ሲወጣ ግን የሚቀዘቅዘው በ6 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው፤ እንፋሎቱ ውሃ ሲሆን ሙቀት ይለቃልና። ማዶ ላይ 5 ዲግሪ የነበረ አየር ደመና እየሠራ 2000 ሜትር ቢወጣ −7 ይደርሳል፤ ዝናቡንና በረዶውን እዚያው አራግፎ 2000 ሜትር ሲወርድ 13 ዲግሪ ሆኖ ይገባል። በአልፕስ ፎን፣ በሮኪ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ቺኑክ የሚባለው ይህ ነው። ስፒርፊሽ በምትባል የደቡብ ዳኮታ ከተማ ጥር 22 ቀን 1943 (እንደ ፈረንጆቹ) ሙቀቱ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ−20 ወደ 7 ዲግሪ ዘሏል።

ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ ሁሉ ግን አያሞቅም። በአድሪያቲክ ዳርቻ ያለው ቦራ ሲወርድ ይሞቃል፤ ሲነሳ እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ባሕሩ ዳር ሲደርስም ከነበረው አየር ይበርዳል።

---

ጉም_ቆጣሪ

ባሮሜትር ያለው ትክክል ነው፤ አንድ እርማት ብቻ፦ የ10 ደቂቃ አማካይ በሁሉም አገር አይሠራበትም። አሜሪካ ውስጥ የአውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያዎች የ2 ደቂቃ አማካይ ነው የሚሰጡት። የሁለት አገር ቁጥር ከማወዳደር በፊት ይህን ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ለማወቅ የመሬቱን ነፋስ ትተው የአናቱን ይዩ። የከፍታ ካርታ የሚያሳዩ ድረ ገጾች ላይ 850 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚለው 1500 ሜትር ገደማ፣ 700 የሚለው 3000 ሜትር ገደማ ነው፤ ለተራራዎ አናት የሚቀርበውን ይምረጡ። እዚያ ላይ ነፋሱ ከ40 እስከ 50 ኪ.ሜ. በሰዓት ካለፈ፣ አቅጣጫውም ሰንሰለቱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ከሆነ (ከቀጥታው 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ችግር የለም)፣ መጠርጠር ነው። ከሰንሰለቱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነፋስ የቱንም ያህል ቢበረታ ይህን ነገር አይሠራም። ቀጥሎ ወደ ሰማይ በሚለቀቅ የመለኪያ ፊኛ የተገኘውን መረጃ ያዩና ከአናቱ በላይ ሙቀቱ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምርበት ንብርብር ካለ ክዳኑ ተገኘ ማለት ነው። ነፋሱ ከዚያ በላይ እየደከመ ከሄደ ደግሞ ይብሳል።

የግፊት ልዩነት ሌላው ምልክት ነው። ከማዶና ከወዲህ ያሉ ሁለት ጣቢያዎችን፣ ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለውን ግፊት ወስደው ይቀንሱ። የማዶው እየበለጠ ከሄደ ነፋሱ እየመጣ ነው። ስንት ሲሆን እንደሚመታ ተራራው ራሱ ነው የሚወስነው፤ አንድ ክረምት በደብተር ቢመዘግቡት የራስዎን ቁጥር ያገኛሉ።

በዓይን ደግሞ፦ አናቱ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ ደመና፣ ከሱ ወዲህ የጠራ የሰማይ ሰቅ፣ ከዚያ የምስር ፍሬ ቅርጽ ያለው፣ ነፋስ እየነፈሰ ከቦታው የማይነቃነቅ ደመና። ይህ አየሩ ተራራውን ሲሻገር የሚሠራው ማዕበል ከላይ በኩል እንዳለ ይነግራል እንጂ ታች ደርሷል አይልም። ጎድጓዳው ውስጥ ቀዝቃዛ ከባድ አየር ከተኛ ነፋሱ በላዩ እየተንሸራተተ ያልፋል። በዚህ ጊዜ መንደሩ −8 ሆኖ ውርጭ ይዞታል፣ 200 ሜትር ከፍ ያለው ቁልቁለት ሞቋል፣ የጭስ ማውጫዎቹ ጭስ እንደ አንሶላ ተነጥፏል። ያ የተነጠፈ ጭስ ከላይ በኩል መበጣጠስ ሲጀምር ውጭ ያለውን ዕቃ ለማስገባት የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

---

ሞራሌና_ቆርቆሮ

ወደ ጣሪያው ልምጣ። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፦ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ አድርጎ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ በ0.613 ማባዛት፤ ውጤቱ ኒውተን በካሬ ሜትር ነው፤ ወደ ኪሎ ለመቀየር በ10 ገደማ ያካፍሉ። 50 ኪ.ሜ. በሰዓት በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ 100 ደግሞ 48። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። (ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ትንሽ ይቀንሳል፤ እሱን መተማመኛ ማድረግ ግን ደግ አይደለም።)

ነፋስ ጣሪያን በአብዛኛው ከላይ አይጫነውም፣ ወደ ላይ ይመጠዋል። 0.4 ሚ.ሜ. ቆርቆሮ በካሬ 4 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው፤ ስለዚህ ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ የያዘው ብሎኑ ነው። ምጠቱ ደግሞ እኩል አይደለም፦ መሀሉ ላይ ቀለል ይላል፤ ማዕዘኖቹ፣ የጎን ጠርዞቹ፣ የክፈፉ ጫፍና ከአናቱ ወዲያ ያለው ሰቅ ላይ ግን ከላይ ከተሰላው ሁለት እጥፍና በላይ ይሆናል። ማዕዘን ላይ በ100 ኪ.ሜ. ምት በካሬ 100 ኪሎ ገደማ ያስቡ። ሞራሌው በ90 ሳ.ሜ.፣ ብሎኑ በ30 ሳ.ሜ. ርቀት ከሆነ አንድ ብሎን 27 ኪሎ ይይዛል። ብሎኑ በ60 ሳ.ሜ. ከሆነ 54። መነቀል የሚጀምረው እዚያ ነው፤ አንድ ማዕዘን ከተነሳ ነፋሱ ከሥር ይገባና ቆርቆሮውን ተራ በተራ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የጣሪያውን ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል የብሎኑን ብዛት እጥፍ ያድርጉ፤ መሀሉን እንደነበረ መተው ይቻላል።

ምስማር ይውጣ፣ ብሎን ይግባ። ለስላሳ ምስማር በአንድ ትልቅ ምት አይነቀልም፤ በሺህ ትንንሽ ምቶች ነው በየሚሊ ሜትሩ ሽቅብ የሚወጣው። ብሎኑ በጎማ ቀለበት፣ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ፣ ቢያንስ 3 ሳ.ሜ. እንጨት ውስጥ የሚገባ ይሁን። ሲያጠብቁ ጎማው ከብረቱ ቀለበት ጠርዝ እኩል እስኪሆን ብቻ ነው፤ ተጨፍልቆ ከወጣ ይሰነጠቃል፣ ውሃም ያስገባል። ለመፈተሽ መሰላል ወጥቶ ቀለበቱን በጣት ማዞር ነው። ከዞረ ላልቷል። በቀዳዳው ዙሪያ የሚያብለጨልጭ የተፋቀ ብረት ካለ ቆርቆሮው ሲንቀሳቀስ ከርሟል፤ ከቀዳዳው የሚነሳ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ያንን ቆርቆሮ ይቀይሩ፣ ትልቅ ቀለበት አያድነውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቀጣዩን ነው። ቆርቆሮው ጠንክሮ ከተያዘ ነፋሱ ሞራሌውን ከነቆርቆሮው ያነሳል። ሞራሌው ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው ጋር በብረት ላሜራ መታሰር አለበት፤ ላሜራው በጎን በኩል ተጠቅልሎ ይመታ፣ ምስማሩ በመነቀል ሳይሆን በመቆረጥ እንዲይዝ።

---

ግርጌ_ሰፈር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን። መስኮት ትንሽ ከፍቶ ውስጡንና ውጩን ግፊት ማመጣጠን ይረዳል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው?

---

ሞራሌና_ቆርቆሮ

የለም፣ ተቃራኒው ነው። ነፋሱ በሚመጣበት ግድግዳ ላይ ክፍት ነገር ካለ አየሩ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ከላይ ከሚመጠው ጋር ሲደመር ጉልበቱ በጣም ይጨምራል። ሁሉንም ይዝጉ። ከሁሉ የሚደክመው የጋራዥ በር ነው፣ ሰፊና ስስ ስለሆነ፤ ወደ ነፋሱ የዞረ ከሆነ ከውስጥ በኩል አግድም ድጋፍ ይሠሩለት።

---

ባሮሜትር

ስለ ምድጃ አንድ ነገር። ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ ጭሱን ወደ ቤት መልሶ ይሰደዋል። ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ከሚወጣበት 90 ሳ.ሜ.፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሳ.ሜ. ከፍ ማለት አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ መኝታ ክፍሉ አጠገብ ጠቋሚ መሣሪያ ይኑር። አመድ ከወጣ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ለበርካታ ቀናት ይቆይ። በረዶ ሳይጥል በቆየ ክረምት ይህ ነፋስ ደረቅ ሣር ላይ አንድ ፍም ካገኘ ለእሳት አደጋ መኪና ፋታ አይሰጥም። ታኅሣሥ 30 ቀን 2021 (እንደ ፈረንጆቹ) በኮሎራዶ ቦልደር አካባቢ ከ160 ኪ.ሜ. በሰዓት ባለፈ ምት እሳቱ ከ1000 በላይ ቤቶችን በላ።

---

ጉም_ቆጣሪ

በረዶ ካለ ደግሞ መንገዱን የሚዘጋው የጣለው ሳይሆን ነፋሱ የሚያዛውረው ነው። የበረዶ አጥር ከተሠራ ድፍን አይሁን፤ ግማሽ በግማሽ ክፍት ሆኖ ከሥሩ የቁመቱን አንድ አሥረኛ ክፍተት ይተው። ክምሩ እስከ አጥሩ ቁመት 35 እጥፍ ድረስ ይዘረጋል። ስለዚህ 2 ሜትር አጥር ከመንገዱ 70 ሜትር ርቆ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቆማል። ቀርቦ ከተተከለ በረዶውን መንገዱ ላይ ራሱ ይከምረዋል።