«ከብት በዛ» የሚለውን እንከፍተው፦ የቆላ ግጦሽ ሐሳብ ረቂቅ

ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። ለቆላው ግጦሽ ማገገሚያ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቆሟል። «ሣሩ ለምን ጠፋ» ለሚለው ረቂቁ የሚመልሰው «በድርቅና በከብት ብዛት» ብሎ ብቻ ነው። ከሰንጋ ሽያጭ የመደብነው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ይኸው ክፍል ስለሆነ፣ ከቅዳሜ በፊት ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።

ገንዘብ ያዥ
እኔ የያዝኩት የሣር ዘርና ሁለት መኪና ድርቆሽ ነው። ከዚያ የተለየ ነገር ካለ በጊዜ ንገሩኝ።

አባል፣ ሰበታ
እህቴ፣ ዘሩን ለጊዜው አቆዪው። እኔ ያደግሁት ቦረና ውስጥ፣ ያቤሎ ዙሪያ ነው፤ ዛሬ እዚህ የማደልባቸው በሬዎችም ከዚያ ነው የሚመጡት። ከብቱ አንድ ቦታ ላይ መብዛቱ እውነት ነው። ለምን አንድ ቦታ ላይ በዛ የሚለው ግን ረቂቁ ውስጥ የለም።

ቦረና ከብቱን ለሁለት ይከፍላል። የምትታለበው ላም ከጥጃዋ ጋር «ዋራ» ተብላ ሰፈር አጠገብ ትቀራለች፤ ወይፈኑና የነጠፈችው ላም «ፎራ» ሆነው ሩቅ ይሄዳሉ። በበጋ ሁሉም «ኤላ» ወደሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ይሰበሰባል፤ ተራ የሚያስይዘው አባ ሄሬጋ ነው። ዝናብ ሲጥል ኤላው ያርፋል፣ ከብቱ ውሃ ወዳቆረው ሜዳ ይበተናል፣ በኤላው ዙሪያ የተጋጠው ሣር ያገግማል። ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ሩቁ ሜዳ ውሃ ስለሌለው ማንም አይደርስበትም። ሣሩን ሲጠብቅለት የኖረው የውሃው እጦት ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚያ ሩቅ ሜዳ ላይ ትልልቅ ኩሬዎች በማሽን ተቆፈሩ። የታሰበው ለበጎ ነው። ውሃው ከዝናቡ በኋላም ሲቆይ ግን ሰው እዚያው ሰፈረ፣ ሜዳው እረፍት አጣ። በዚያው ዘመን እሳትም ተከለከለ። አባቶቻችን አሮጌውን ሣር በየተወሰነ ዓመት ሲያቃጥሉ የቁጥቋጦው ችግኝ አብሮ ይነድ ነበር። እሳቱ ሲቀር ፉሌንሳና ሳጳንሳ የሚባሉት እሾሃም ግራሮች ሜዳውን ወረሱት። አሁን ክልከላው ቢነሣ እንኳ ብዙ ቦታ የሚነድ ሣር የለም።

አባል፣ ሱሉልታ
ወንድሜ፣ ይህን ሳነብ የራሴ ስህተት ታየኝ። እኛ በጥቅምትና በኅዳር ሜዳውን አጭደን ስንጨርስ፣ በሚቀጥለው ክረምት ሣሩ ተመልሶ ይቆማል። መረሬ አፈር ነው፣ ዝናቡም ወራት ሙሉ ያርሰዋል። ቆላውም እንዲሁ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር።

አባል፣ ሰበታ
እዚያ ዝናቡ ሁለት አጫጭር ወቅት ነው፤ «ገና» የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ሃገያ» የሚባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ሣሩ ቅጠል ሳያወጣ ደጋግሞ ከተጋጠ ሥሩ ውስጥ ያጠራቀመው ያልቃል። ዓመት የሚሻገረው ሣር ይሞትና ዝናብ ጠብቆ የሚበቅለው፣ ቶሎም የሚደርቀው ይተካዋል። በመካከል መሬቱ ባዶውን ይቀራል፤ የዝናቡ ጠብታ ይደበድበዋል፣ ሰኮና ይረግጠዋል፣ ቅርፊት ያወጣል። ከዚያ የሚጥለው ዝናብ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ላይ ዘር ብንበትን የሚወስደው ጎርፍ ነው።

ድርቁን አልክድም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሽፏል። ያረፈ ሜዳ ቢኖር ግን ብዙ ከብት ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አባል፣ ለገጣፎ
ስለ አፋርም አንድ አንቀጽ ይግባ። የአዋሽ ዳር ለምለም መሬት የበጋ መሸሻቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙው ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ዋለ። በቀረው ላይ ፕሮሶፒስ መጣ። አፈር እንዲይዝ ተብሎ የተተከለ ዛፍ ነው። ከብት ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በእበቱ ይዘራለታል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ሰብሳቢ
የአፋሩ እንደ ምክንያት ይግባ። ሥራውን ግን ቦረና ላይ ብቻ እናድርግ፣ ገንዘባችን ለሁለት አይበቃም። እሳትን በሐሳባችን ውስጥ አንጠይቅ፤ ያ የሚመለከተው መንግሥት ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚነጋገርበት ነው። የሰበታው ወንድማችን፣ በእርስዎ አስተያየት ከእኛ አቅም ጋር የሚሄደው የቱ ነው?

አባል፣ ሰበታ
ካሎ ነው ጋሼ። ለጥጃና ለደካማ ከብት በእሾህ አጥር የሚከለል ሜዳ ነው፤ ልማዱ ድሮም ያላቸው ነው። ቁጥቋጦውን በእጅ መንጥሮ ለሚከልል ሰፈር የጉልበት ዋጋ እንክፈል። የትኛው ሜዳ እንደሚከለል ግን እነሱ ይምረጡ። የፎራ መንገድ ላይ አጥር ከቆመ ሌላ ጉዳት ነው የምንጨምረው። የተመነጠረው እንጨት ከሰል ሆኖ ቢሸጥም ገንዘቡ ለዚያው ሰፈር ይቅር።

ገንዘብ ያዥ
እንግዲያው የዘሩን ወደ ምንጠራ አዛውሬዋለሁ። ድርቆሹን ግማሽ አስቀርቼ ሜዳው ተከልሎ እስኪያገግም ላለው ጊዜ ይዤዋለሁ፤ ሜዳ የዘጋ ሰው ከብቱን የሚያበላው ይፈልጋል።

ጸሐፊ
ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ይጀምራል፦ «የቆላው ሣር የሳሳው በዋናነት ከብቱ መዘዋወሪያ፣ ሜዳውም ማረፊያ ስላጡ ነው፤ ድርቁም ጉዳቱን አባብሶታል።» ከዚያ ኩሬው፣ እሳቱ፣ የአዋሽ ዳር በየተራ ይገባሉ። የሰበታው ወንድማችን ቅዳሜ ከመሰብሰባችን በፊት ያቤሎ ደውለው፣ ሽማግሌዎቹ ከሃገያ በፊት ሊያነጋግሩን የሚችሉበትን ሳምንት ይጠይቁልን።