ኢምፕላንት ይቅደም ወይስ ብሬስ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት ከታችኛው መንጋጋዬ በስተግራ ሁለት መንጋጋ ጥርሶች ተነቅለዋል፤ አሁን የፊት ጥርሶቼ ስለተጨናነቁ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ላሳስር ነው። እኔ የማውቀው ጥርሶቹ ከተስተካከሉ በኋላ በባዶው ቦታ ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ምትክ አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ሥር) እንደሚተከል ነበር። ሐኪሜ ግን ኢምፕላንቱ ቀድሞ ተተክሎ ሌሎቹን ጥርሶች ለመሳብ መደገፊያ እንዲሆን መክረውኛል። ሲጎተት አይነቃነቅምን?

መልስ 1 (የጥርስ ሐኪም)፦
አሠራሩ የታወቀ ነው። ሽቦው አንዱን ጥርስ ወደ ኋላ ሲስብ መደገፊያው ጥርስ በዚያው ኃይል ወደ ፊት ይሳባል፤ በእርስዎ ግራ በኩል ደግሞ ለመደገፊያ የሚበቃ ጥርስ አልቀረም። ተፈጥሯዊ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጫጭን ጅማቶች ስለሆነ፣ ቀላል ግፊት ለሳምንታት ሲያርፍበት አጥንቱ በአንድ ወገን እየሟሟ በሌላው እየተገነባ ቦታውን ይለቃል። የቲታኒየም ኢምፕላንት ግን ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ ስለሚዋሐድ እንደ ችካል ጸንቶ ይቆማል። ይህ ውሕደት ገና ሳይታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በውሾች ላይ የተሞከሩት የብረት ብሎኖች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ላልተው ወጥተዋል፤ ውሕደቱን ያጠኑት ስዊድናዊው ሐኪም ብሮነማርክ የመጀመሪያ ታካሚያቸውን በቲታኒየም ኢምፕላንት ያከሙት በ1965 ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መነቃነቁ ሳይሆን ቦታው ነው። ኢምፕላንቱ አንዴ ከተዋሐደ በኋላ በብሬስ ሊገፋ አይችልም፤ ስለዚህ የሚተከልበት ነጥብ ጥርሶቹ ዛሬ ባሉበት ሳይሆን ሕክምናው ሲያበቃ በሚያርፉበት ቦታ ተሰልቶ መወሰን አለበት። ያንን የሚያሳይ ሞዴል ሳይዘጋጅ እንዲተከልልዎ አይፍቀዱ።

መልስ 2፦
እኔም በዚሁ መንገድ ታክሜአለሁ። ከተተከለልኝ በኋላ አራት ወር ጠብቀን፣ በላዩ ጊዜያዊ ክራውን (ሰው ሠራሽ የጥርስ አናት) ተደርጎ የብሬሱ ማያያዣ እዚያ ላይ ተለጠፈ። ዋናው ክራውን የተሠራው ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ነው። ከሁሉ የከበደኝ መጠበቁ ነበር።

መልስ 3 (የጥርስ ሐኪም)፦
ለመደገፊያ ብቻ ከሆነ ውፍረታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ ወራት ሳይጠበቅ ሥራ ይጀምራሉ፣ ሲያበቃም ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ቀድመው ይላላሉ። ለእርስዎ ኢምፕላንቱ በጎደለው ጥርስ ምትክም ስለሚያስፈልግ የሐኪምዎ ሐሳብ ተገቢ ይመስለኛል። መንጋጋው ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ቢሆን ግን አልመክርም ነበር፤ ሌሎቹ ጥርሶች ከአጥንቱ ጋር ከፍ ሲሉ ኢምፕላንቱ ዝቅ ብሎ ይቀራልና። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም ስኳር ያለብዎ ከሆነ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሞዴሉን እንዲያሳዩኝ እጠይቃቸዋለሁ።