ሳሎን ስር የሆነ ቦታ ውሃ ይፈሳል፤ ሳላስፈርስ እንዴት ላግኘው?

የሳሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሪስ አካባቢ ያለ የወላጆቼ ቪላ ነው፣ ቆየት ያለ ቤት። የውሃ ቢሉ በአንዴ እጥፍ ሆኖ መጣ፤ ቆጣሪ አንባቢው ተሳስቶ ነው ብለን ተውነው። አሁን ደግሞ ከኮሪደሩ በኩል የሴራሚኩ መገጣጠሚያ ጠቁሯል፣ ግድግዳውም ከታች ቀለሙ እየተላጠ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን፣ ገና ከበር ሳይገባ «ሳሎኑን ሙሉ ማፍረስ ነው» አለን! አባቴ ሴራሚኩን ያስነጠፈው በቅርብ ስለሆነ ደሙ ፈላ። ከስሩ አርማታ ነው፣ ቧንቧው ደግሞ የድሮው ብረት። ከቆጣሪው ተነስቶ በሳሎን ስር አልፎ ጓሮ ወዳለው ሮቶ የሚሄድ ይመስለኛል። ሳይፈርስ ቦታውን ማወቂያ የለም?

ሳኒተሪው፦
እህቴ፣ መዶሻ የያዘ ሰው ለጊዜው አታስገቡ። መጀመሪያ የትኛው መስመር እንደሚያፈስ ይለይ። ውሃ በሚመጣበት ቀን የሮቶውን መግቢያ ዝጊና ቤት ውስጥ ያለውንም ሁሉ ዝጊ፣ ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ የምትሽከረከር ኮከብ እይ። ከዞረች የሚያፈሰው ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው ነው። ካልዞረች ደግሞ ሮቶውን ሞልተሽ ማታ 4 ሰዓት ላይ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጊ፣ መግቢያው እንደተዘጋ ይደር፣ ማንም ውሃ ሳይነካ ጠዋት እይው፤ ከቀነሰ ችግሩ ከሮቶ ወደ ቤት ባለው መስመር ነው። አንድ ነገር ግን፣ ውሃ ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፣ ትንሽ ጠብቀሽ ነው ማየት ያለብሽ።

ደግሞ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። በደቂቃ አንድ ሊትር ማለት በቀን 1,440 ሊትር ነው፣ በወር 43 ሜትር ኩብ። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ እያለ ስለሚሄድ ቢሉ የሚያብደው ለዚህ ነው።

ጎረቤት፦
የሽንት ቤቱን ፍላሽም እዩት እንጂ! ድምፅ ሳያሰማ ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል። ማጠራቀሚያው ላይ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ሳትለቁት ቆዩ፣ መቀመጫው ውስጥ ቀለሙ ከታየ ተገኘ ማለት ነው። ወለል የሚያረጥበው ፍሳሽ መስመርም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ቆጣሪ ላይ አይታይም።

የሳሪሷ፦
አመሰግናለሁ። ዛሬ ውሃ መጥቶ ነበር፣ ሞከርኩት። ፍላሹ ደህና ነው። ሮቶውን ዘግቼም ኮከቧ ትዞራለች፣ ቀስ ብላ ግን አታቆምም።

ሳኒተሪው፦
እንግዲያው ታውቋል፣ ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው ነው። እኔን ብትሰሚኝ ቀዳዳውን መፈለጉን ተዉት። የድሮ ብረት አንድ ቦታ ከተበሳ ሌላውም አጠገቡ ተራ እየጠበቀ ነው፣ ዛሬ ቆፍራችሁ ብታስይዙት ነገ አንድ ሜትር አልፎ ይፈነዳል። የቆየውን መስመር ከሁለቱም ጫፍ ቆርጣችሁ ዝጉት፣ እዚያው ይቅር። አዲስ ፒፒአር፣ ማለትም በሙቀት የሚበየደውን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ከቆጣሪው በግቢው ዳር አዙራችሁ ጓሮ አድርሱ። ሴራሚኩ አይነካም። ፒፒአር ፀሐይ አይወድም፣ ስለዚህ ይቀበር ወይም ይሸፈን። ብየዳውንም ቆማችሁ እዩ፤ ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ባለ 25 ሚሊሜትሩ 7 ሰከንድ ያህል ይሞቃል፣ ጫፉም ደረቅ መሆን አለበት። ከመሸፈኑ በፊት በእጅ ፓምፕ ግፊት ይሞከር፣ «ችግር የለውም» የሚል ሠራተኛ አትመኑ።

የኮንዶሚኒየሙ ልጅ፦
እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ ለሁሉም ቤት አይሠራም። የኮንዶሚኒየም ሰው ግቢ ከየት አምጥቶ ነው የሚያዞረው? ለኛ ዓይነቱ በማዳመጫ መሣሪያ የሚፈልጉ ባለሙያዎችን ጠርቶ ሁለት ሴራሚክ አንስቶ መጨረስ ይሻላል። ለሳሪሷ ግን እሱ ያለው ልክ ነው።

ሳኒተሪው፦
እውነትህን ነው፣ ግቢ ለሌለው ሌላ ነው። ወይ በጣሪያ በኩል ይታለፋል።

የሳሪሷ፦
እሺ፣ አባቴም በግቢ ዳር የሚለውን ወዷል። ሥራው እስኪጀመር ግን ምን እናድርግ?

ሳኒተሪው፦
ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ሮቶው እስኪሞላ ብቻ ክፈቱት፣ ሌላ ጊዜ ዝግ ይሁን። በፈረቃ ውሃ ሲቋረጥ የተበሳ ቧንቧ የአፈሩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ስለዚህ የሚጠጣውን አፍልታችሁ ጠጡ። በእርጥቡ በኩል ሶኬት ካለ ደግሞ የዚያን መስመር ኤሌክትሪክ ከቆጣሪ ሳጥኑ አጥፉት።

የሳሪሷ፦
ሶኬት አለ፣ ፍሪጁ እዚያ ነው የተሰካው! አሁኑኑ ላንሳው።