ብቸኛው የቶርኖ ባለሙያዬ ሊለቅ ነው፤ ለማጅ የሚያስር ውል ናሙና ያላችሁ?

ወርክሾፕ ከአዳማ
ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) የሚሠራልን አንድ ባለሙያ ከሰኞ ጀምሮ እንደማይመጣ ዛሬ ነገረኝ፤ የወፍጮ ዘንግና የፓምፕ ቡሽ (ዘንግ የሚገባበት ቀለበት) ትእዛዝ ግን ተከምሯል። ከዚህ በፊት ያስተማርኳቸው ልጆችም ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ማንበብ በቻሉ ማግስት ሄደዋል። አሁን ሁለት ለማጆች ልቀበል ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይለቁ፣ ከለቀቁም የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዳያገኙ የሚያደርግ ውል ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ።

ብሎን ሻጭ
ቶርኖውን ራሱን ያስፈርሙት፤ ከወለሉ ጋር ስለታሰረ ቃሉን ያከብራል።

የፖሊቴክኒክ አሠልጣኝ
በአገራችን የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን፣ በተለምዶ 70 በመቶውን፣ በድርጅት ውስጥ፣ ቀሪውን በማሠልጠኛ ተቋም እንዲያሳልፍ የታሰበ ነው። ብዙ የተቀዳው ከጀርመን ሲሆን፣ በዚያ ለማጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ፈርሞ፣ አበል እየተከፈለው፣ እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይሠለጥናል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ድርጅቶች ሠልጣኙን ወለል ሲያስጠርጉት ከርመው የመገኘት ቅጹ ላይ ማኅተም ይመቱለታል። ስለዚህ በአቅራቢያዎ ወዳለ ፖሊቴክኒክ ሄደው የትብብር ሥልጠና ክፍሉን ያነጋግሩ።

አባወራው
ፖሊቴክኒክ ይሂዱ፤ ልጆች እዚያ ሞልተዋል።

የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ
የጠየቁት ውል አይጸናም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በማናቸውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለማጆቹ ከ15 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። ይልቅ ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ፦ ባለሙያዎ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ፣ እርስዎም ግዴታዎን በተደጋጋሚ ካላጓደሉበት፣ የሚለቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው። ተከባብራችሁ ተነጋገሩና ያንን ወር ለማጆቹን እንዲያሠለጥን ይጠቀሙበት።

እንጨት ቤት
የሄዱት ልጆች ስንት ይከፈላቸው እንደነበር ለምን አልነገሩንም? ካሊፐር ማንበብ የቻለ ልጅ ክፍያው እንደ ጠራጊ ከቀረ፣ ውል አያቆየውም።

ወርክሾፕ ከአዳማ
ምሳ እንችላለን፤ የትራንስፖርትም እንሰጣለን።

እንጨት ቤት
መልሱን ራስዎ ሰጡ።

ፍሬሳ ሠሪ
እኛ ዘንድ የሠራው መንገድ ይህ ነው። ሁለቱን ለማጆች በአንድ ቀን አንቀበልም፤ ሁለተኛው የሚገባው የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ዘንግ ያለ እርዳታ ማውጣት ሲጀምር ነው፣ ምክንያቱም አዲሱን በቅርብ የሚያሠለጥነው እርሱ ይሆናል። ለማጁ መጀመሪያ የሚማረው የማንድሪኑን (ብረቱን ጨብጦ የሚያሽከረክረውን ክፍል) ቁልፍ ሳይነቅል ሞተር አለማስነሳትን ነው፤ ከዚያ የውዳቂ ብረትን ፊት አስተካክሎ መላግ፣ ቀጥሎ ቡሽ በልኩ ማውጣት። እያንዳንዱን ደረጃ ሲያልፍ የሚጨመረው ብር አስቀድሞ በውሉ ላይ ተጽፏል። ለብቃት ምዘና ሲቀርብም የመመዘኛውን ክፍያ እኛ እንሸፍናለን። የሚሄድ ግን አሁንም ይሄዳል።

አባወራው
ፖሊቴክኒኩን አነጋገሩ?