እንባዬ ከቅዳሴ እያስወጣኝ ነው

እናቴ ካረፈች አራት ወር ሆናት። ሠልስቷም፣ አርባዋም፣ ሰማንያዋም ወጣ። ለቅሶ ላይ ግን አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። ቡናውን ሳስፈላ፣ ንፍሮውን ሳቀርብ፣ ለቀስተኛውን ስቀበልና ስሸኝ ቀኑ አለፈ።

የመጣብኝ አሁን ነው፣ ያውም ቅዳሴ ላይ። ያረፉት ሲታሰቡ የክርስትና ስሟ ትዝ ይለኝና ሲቃ ይይዘኛል። የምለብሰው የእሷን ነጠላ ነው፤ ጥለቱ ዛሬም ዕጣን ዕጣን ይላል። አፌን በእሱ አፍኜ እወጣለሁ። ሦስት እሑድ እንዲሁ ሆነ። ባለፈው ነጠላውን ቤት ትቼ ሄድኩ፣ ለውጥ የለውም።

የንስሐ አባቴ ዳዊት ድገሚ አሉኝ። እደግማለሁ። መዝሙር 6 ላይ፣ መኝታዬን በዕንባዬ አርሳለሁ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ይዘጋል። አክስቴ ደግሞ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13ን እየጠቀሰች ተስፋ እንደሌለው ሰው አትሁኚ ትለኛለች። ትንሣኤን አምናለሁ እኮ! ጌታም ለአልዓዛር አልቅሷል።

መቁረብ እፈልጋለሁ። ለዚያ ደግሞ እስከ መጨረሻው መቆም አለብኝ። እናታችሁን የቀበራችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ሲቃው ሲመጣባችሁ ሳትወጡ ቅዳሴውን እንዴት ጨረሳችሁ?